እሳት መጫሪያ፦ ከፓይራይት ድንጋይ እስከ ሴሪየም ዘንግ

እሳት መጫሪያ ሁለት ጠንካራ ነገሮችን በማፋተግ ብልጭታ የሚያወጣና በብልጭታው ደረቅ መለኮሻ የሚያያይዝ መሣሪያ ነው። በስዊድን፣ በፊንላንድና በካናዳ በበረዶው ወራት ጫካ የሚገባ ሰው ዛሬ በኪሱ የሚይዘው የእርሳስ ውፍረት ያለው ጥቁር ዘንግ የሚሠራበት ቅልቅል ከተፈለሰፈ ከመቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው፤ የሚሠራበት ስልት ግን የድንጋይ ዘመን ሰው የሚያውቀው ነው። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ሦስት ብልጭታዎች ተፈራርቀዋል፤ የመጀመሪያው የፓይራይት ድንጋይ፣ ሁለተኛው የብረት፣ ሦስተኛው የሴሪየም ነው። ሦስቱም የሚወለዱት በአንድ መንገድ ነው። ጠንካራው ነገር ከሌላው ላይ ቅንጣት ፍቆ ያነሳል፤ ቅንጣቱም በፍትጊያው ሙቀት ግሎ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይነድዳል። በየዘመኑ የተለወጠው ማን ፋቂ፣ ማን ተፋቂ እንደሆነ ነው። ብልጭታውን የሚቀበል ደረቅ ነገር መፈለግና ማዘጋጀት ግን ከየትኛውም ዘመን ሰው ትከሻ ላይ አልወረደም።

ከፍም ጠባቂነት ወደ እሳት ጫሪነት

ሰው በእሳት መጠቀም የጀመረው ራሱ እሳት ማውጣት ከመቻሉ አስቀድሞ ሳይሆን አይቀርም። በደቡብ አፍሪካ በወንደርወርክ ዋሻ ውስጥ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የእጽዋት አመድና የተቃጠለ አጥንት ተገኝቷል። በዮርዳኖስ ወንዝ ዳርቻ በጌሸር በኖት ያዕቆብ ደግሞ 790,000 ዓመት ገደማ የሆነው የተቃጠለ ባልጩትና እንጨት ወጥቷል። ሁለቱም እሳት እንደነበረ ይመሰክራሉ እንጂ እሳቱ ከየት እንደመጣ አይናገሩም። መብረቅ ያቀጣጠለውን ግንድ መጠበቅ፣ ፍሙን በአመድ ዳፍኖ ማሳደር፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር መሸከም እሳት ማውጣት ለማያውቅ ሰው ያለው አማራጭ ነበር። ይህ ልማድ በጊዜ ብዙም የራቀ አይደለም። በኢትዮጵያ ገጠር ክብሪት እንደልብ ባልነበረበት ጊዜ ፍሙ ማታ በምድጃው አመድ ተዳፍኖ ያድር ነበር፤ እሳት የጠፋበት ቤት ጠዋት ሰው ልኮ ከጎረቤት በገል እሳት ያስጭር ነበር። በአማርኛ ከጎረቤት ፍም መውሰድም ክብሪት መለኮስም «መጫር» መባላቸው ሁለቱን ሥራዎች እስከዛሬ ጎን ለጎን አቆይቷቸዋል።

እሳት በብልጭታ ስለመውጣቱ እጅግ ጥንታዊው ማስረጃ የመጣው ከምሥራቅ እንግሊዝ ነው። በሰፎክ በምትገኘው ባርንሃም የተካሄደው ቁፋሮ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ታትሟል። ከ400,000 ዓመት በፊት በነበረ ሰፈር ውስጥ በተደጋጋሚ እሳት የተጠበሰ ሸክላ አፈር፣ በሙቀት የተሰነጣጠቁ የባልጩት መጥረቢያዎችና ሁለት የፓይራይት ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ፓይራይት በዚያ አካባቢ እምብዛም የማይገኝ ማዕድን በመሆኑ፣ ተመራማሪዎቹ ሰዎች ከሌላ ቦታ ሆን ብለው ያመጡት ነው ሲሉ ደምድመዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ በፈረንሳይ የተገኙ 50,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የኒያንደርታል የእጅ መጥረቢያዎችን በማጉያ መርምሯል። በመጥረቢያዎቹ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የታዩት ጫሮችና የምት ምልክቶች በሙከራ በፓይራይት ከተመቱ ባልጩቶች ምልክት ጋር ተመሳስለዋል።

ፓይራይት የብረትና የድኝ ውሕድ ነው፤ ቢጫ ወርቃማ አንጸባራቂነቱ ብዙ ሰው ወርቅ እየመሰለው ሲሳሳትበት ኖሯል። ሁለት ባልጩቶችን እርስ በርስ ማጋጨት ደካማ ብርሃን ይሰጣል እንጂ እሳት አይሰጥም። ባልጩት በፓይራይት ላይ ሲወርድ ግን ከፓይራይቱ የተፈረፈረው ቅንጣት ይነድዳል። ብልጭታው ደብዛዛ ቀይ ነው፣ ሙቀቱም ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ በጣም ደረቅና በቀላሉ የሚያያዝ መለኮሻ ካልተቀበለው ወዲያው ይጠፋል። እሳትን በእንጨት ፍትጊያ ማውጣትም በብዙ የዓለም ክፍሎች የታወቀ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ በሚከርምበት ሰሜናዊ ምድር ይህ ሥራ አድካሚ ነው። በዚያ አገር የብልጭታ ድንጋይ ያለው ጥቅም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

ሐይቅ ዳርና በረዶ ተራራ

በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሺር የሚገኘው ስታር ካር ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት አዳኞች የሰፈሩበት የሐይቅ ዳርቻ ነው። የበረዶ ዘመኑ አብቅቶ የበርች ዛፍ ምድሩን መልሶ መሸፈን የጀመረበት ጊዜ ነበር። ከረግረጉ ውስጥ የተጠቀለለ የበርች ቅርፊት፣ የፓይራይት ድንጋይና በበርች ግንድ ላይ እንደ ፈረስ ሰኮና ተለጥፎ የሚያድገው ጠንካራ እንጉዳይ አብረው ወጥተዋል። በሰሜን አውሮፓ ጫካ እሳት ለመጫር የሚያስፈልገው ነገር ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። በርች ቅርፊቱን ለነበልባል፣ እንጉዳዩን ለፍም ያቀርባል።

የእነዚህ ነገሮች አጠቃቀም ይበልጥ ግልጽ ሆኖ የታየው እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1991 በኢጣሊያና በኦስትሪያ ድንበር በ3,210 ሜትር ከፍታ ላይ የአንድ ሰው አስከሬን ከበረዶ ውስጥ ብቅ ባለ ጊዜ ነው። ኦትዚ የሚል ስም የተሰጠው ይህ ሰው የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3350 እስከ 3105 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በወገቡ ቀበቶ ኪስ ውስጥ ከባልጩት መሣሪያዎቹ ጋር ተቀጥቅጦ ለስልሶ የተዘጋጀ የሰኮና እንጉዳይ ይዞ ነበር፤ በእንጉዳዩ ላይም የፓይራይት ብናኝ ተገኝቷል። ከዚህ ሌላ ከበርች ቅርፊት የተሰፋ ዕቃ ነበረው። በውስጡ የሜፕል ቅጠልና የከሰል ቅንጣት ስለተገኘ፣ ፍም በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚጓዝበት ዕቃ እንደነበር ይታመናል። ኦትዚ እንግዲህ ሁለቱንም መንገድ ይዞ ነው ተራራ የወጣው። ከሰፈር የያዘው ፍም ቢጠፋበት ብልጭታ ማውጣት ይችል ነበር።

ባልጩት ብረትን ሲፍቅ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው ሺህ ዓመት ብረት በአውሮፓ እየተስፋፋ ሲሄድ ከፓይራይት የተሻለ ተፋቂ ተገኘ። ካርቦን ያለበት፣ ግሎ በውኃ የተነከረ ብረት በባልጩት ስለታም ጠርዝ ላይ ሲወርድ ከፓይራይቱ ይልቅ ብሩህና ሞቃት ብልጭታ ይረጫል። ለስላሳ ብረት ለዚህ አይሆንም፤ ባልጩቱ ሲመታው ይታጠፋል እንጂ አይፈረፈርም። ስለዚህ እሳት የሚጭረው ብረት ከአንጥረኛ እጅ መውጣት ነበረበት። አንጥረኛው የመንከሪያውን ጊዜ ከሳተ መጫሪያው ብልጭታ አይሰጥም።

ሽግግሩ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ ፍንዳታ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ለጦር ሰፈር ቃኚዎች እጅግ ስለሚያስፈልጉ ከባድ «ሕያው ድንጋዮች» ጽፏል። በምስማር ወይም በሌላ ድንጋይ ሲመቱ ብልጭታ ይሰጣሉ፤ ብልጭታውም በድኝ፣ በደረቅ እንጉዳይ ወይም በቅጠል ይያዛል። ምስማሩም ድንጋዩም በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቀሳቸው ሁለቱ ዘዴዎች ጎን ለጎን ይሠሩ እንደነበር ያሳያል። ከፕሊኒ ቀደም ብሎ የኖረው ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂልም በ«ኤኔይድ» መጀመሪያ ላይ ከማዕበል የተረፉ መርከበኞች በአፍሪካ ዳርቻ ሲወርዱ አንደኛው ከባልጩት ብልጭታ አውጥቶ በቅጠል እንደተቀበለው ይተርካል። ባሕር ያራሰው ሰው ከመብላቱና ከመተኛቱ አስቀድሞ የሚሠራው ይህንኑ ነበር።

በስካንዲኔቪያ በቫይኪንጎች ዘመን መጫሪያ ብረት እንደ ቢላዋ የዘወትር የግል ዕቃ ነበር። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን በሜላረን ሐይቅ ደሴት ላይ በደመቀችው የቢርካ የንግድ ከተማ መቃብሮች ውስጥ እንዲህ ያሉ ብረቶች ተገኝተዋል። ጣት የሚያስገቡ ጫፎቹ ወደ ውስጥ የተጠቀለሉ፣ ቀጥ ያለው ወገን ለመምቻ የተተወ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ስዊድኖች ኤልድስቶል፣ ማለትም የእሳት ብረት ይሉታል። አጠቃቀሙም ቀላል ነው፤ ከመለኮሻው ጥቂት ቆንጥሮ በባልጩቱ ጠርዝ ላይ በአውራ ጣት ይዞ፣ በሌላው እጅ ብረቱን ከላይ ወደታች በጠርዙ ላይ መምታት ነው። ብልጭታው መለኮሻው ላይ ሲያርፍ ትንሽ ቀይ ነጥብ ትታያለች፤ ነጥቧ ቀስ እያለች ትሰፋለች።

ብረት የሚያወጣው ብልጭታ ፍም እንጂ ነበልባል አያስነሳም። ስለዚህ መለኮሻው በራሱ የዕደ ጥበብ ሥራ ሆነ። ከሰኮና እንጉዳዩ ቅርፊት ሥር ያለው ቡናማ ለስላሳ ክፍል ተቆርጦ ይቀቀላል፣ ቆዳ እስኪመስል ድረስ ይቀጠቀጣል፣ ይደርቃል። በኋላ ዘመን ለባሩድ በሚውለው የናይትሬት ጨው ውኃ ውስጥ መንከርም ተለመደ። አማዱ የሚባለው ይህ ጨርቅ መሰል ነገር ብልጭታ ሲያርፍበት ነፋስ የማያጠፋው ፍም ይሆናል። ፍሙ በደረቅ ሣር ወይም በቅርፊት ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ እፍ ሲባል ነበልባል ይነሳል።

በመካከለኛው ዘመን መጫሪያው ከኪስ ወጥቶ ዓርማ ላይ ተሰቀለ። የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1430 በብሩዥ ያቋቋመው የወርቃማው ፀጉር ኒሻን ሐብል የተሠራው በመጫሪያ ብረቶችና ብልጭታ በሚረጩ ባልጩቶች ሰንሰለት ነው። በሰርቢያ የመንግሥት ዓርማም ላይ በመስቀሉ አራት ማዕዘናት ያሉትን ምልክቶች ሰርቦች በራሳቸው ቋንቋ መጫሪያ ብረት ብለው ይጠሯቸዋል።

የቆርቆሮ ሣጥኑና የሁክ ማጉያ

በከተሞች ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እሳት የሚነሳው ከአንዲት ክዳን ካላት ሣጥን ነበር። በውስጧ ብረት፣ ባልጩትና የከሰለ ጨርቅ ይቀመጣሉ። ጨርቁ የሚዘጋጀው አሮጌ የተልባ እግር ልብስ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ታፍኖ እንዲጠቁር በማድረግ ነው፤ ብልጭታ ሲያርፍበት እንደ አማዱ ይፈማል። ፍሙን ወደ ነበልባል ለመለወጥ ጫፉ ድኝ የተነከረ ቀጭን ስንጥር ይነካበታል፤ ድኙ ወዲያው ሰማያዊ ነበልባል ይይዛል። በአማርኛ «ክብሪት» የተባለው ቃል ከዓረብኛው የድኝ ስም ጋር አንድ ነው፤ ስሙ ከስንጥሩ ጫፍ ላይ ያለውን ነገር ያስታውሳል። ጨርቁ እርጥበት በጠጣበት ጠዋት ግን ብልጭታው እየወደቀ ይጠፋ ነበር፤ በጨለማ ብረት እየመቱ ጣት መላጥም የተለመደ ነበር።

ብልጭታው ምን እንደሆነ በትክክል የተመለከተው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» ውስጥ በነጭ ወረቀት ላይ ባልጩትና ብረት አጋጭቶ የወደቁትን ጥቁር ነጥቦች በማጉያ መነጽር እንዳያቸው ገልጿል። ነጥቦቹ ቀልጠው የጠነከሩ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ የብረት ኳሶች ነበሩ። ብልጭታው ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስል የነበረው አሳብ በዚህ ፈረሰ፤ የሚቀልጠውና የሚያበራው ብረቱ ነው፣ ባልጩቱ ፋቂ ብቻ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የፈረንሳዊው የላቮዚዬ ኬሚስትሪ ደግሞ ብረቱ የሚነድደው ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ መሆኑን አስረዳ። የሚነድደው ብረቱ ከሆነ፣ ከብረት በቀላሉ የሚነድድ ሌላ ብረታ ብረት መፈለግ ይቻላል ማለት ነው። ይህ እስኪሆን ግን ሌላ መቶ ዓመት አለፈ፤ በመካከሉ ክብሪት ገባ።

ክብሪት

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1827 በሰሜን እንግሊዝ የስቶክተን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ጆን ዎከር በፍትጊያ የሚነድድ ስንጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሸጠ። የስንጥሩ ጫፍ በአንቲሞኒ ሰልፋይድና በፖታሲየም ክሎሬት ተቀብቶ በአሸዋ ወረቀት መካከል ሲሳብ ይነድዳል። ዎከር የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም፣ ሌሎችም ቶሎ ኮረጁት። በ1830ዎቹ ነጭ ፎስፈረስ የተጨመረበት ክብሪት በማንኛውም ሻካራ ነገር ላይ የሚነድድ ሆነ፤ ፎስፈረሱ ግን የፋብሪካ ሠራተኞችን መንጋጋ አጥንት እየበላ ይገድል ነበር። ስዊድናዊው ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ እ.ኤ.አ. በ1844 ፎስፈረሱን ከክብሪቱ ራስ ወደ ሣጥኑ ጎን አዛወረ፤ የዮንሾፒንግ ከተማ የሉንድስትሮም ወንድማማቾችም ይህን ክብሪት በብዛት ማምረት ጀመሩ። ነጭ ፎስፈረስን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በበርን የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

ክብሪት መጫሪያ ብረትን ከቤት አስወጣ። በበረዶ ጫካ ግን ድክመቱ ጎልቶ ታየ፤ ከረጠበ አይነድድም፣ የደነዘዘ ጣት አይዘውም፣ ቁጥሩም የተወሰነ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው «እሳት ማንደድ» በተሰኘው አጭር ልቦለዱ በዩኮን ብርድ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይተርካል። ሰውየው እሳቱን በረዶ በተሸከመ የስፕሩስ ዛፍ ሥር አነደደ፤ የቅርንጫፎቹ በረዶ ወርዶ አጠፋበት። መልሶ ለማንደድ ሲሞክር ጣቶቹ ደንዝዘው ክብሪት መለየት ስላቃታቸው ሰባውን ክብሪት በአንድ ጊዜ ጫረው፤ ያም አላዳነውም። ታሪኩ ልብ ወለድ ቢሆንም ሁለቱም ስህተቶች በሰሜን ጫካ በእውን የሚደርሱ ናቸው።

ከመብራት ፋብሪካ የተረፈ ብረት

ለንደን ታሪኩን ባሳተመበት ዘመን ሦስተኛው ብልጭታ በኦስትሪያ ተገኝቶ ነበር። ፈልሳፊው እ.ኤ.አ. በ1858 በቪየና የተወለደው ኬሚስት ካርል አውወር ፎን ቬልስባህ ነው። በሃይደልበርግ ከሮበርት ቡንዘን ዘንድ የተማረው አውወር፣ እ.ኤ.አ. በ1885 አንድ ንጥረ ነገር ይመስል የነበረውን ዲዲሚየም ለሁለት ከፍሎ ኒዮዲሚየምንና ፕራሲዮዲሚየምን አገኘ። በዚያው ዓመት በጋዝ ፋኖስ ነበልባል ላይ ተንጠልጥሎ የሚያበራ ጨርቅ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ጨርቁ በትክክል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1891 ቅልቅሉ 99 በመቶ የቶሪየም፣ 1 በመቶ የሴሪየም ኦክሳይድ ሲሆን ነው።

ተረፈ ምርቱ የመጣው ከዚህ ቀመር ነው። ቶሪየም የሚገኘው በብራዚል ዳርቻ ከሚታፈሰው የሞናዛይት አሸዋ ሲሆን፣ በአሸዋው ውስጥ ያለው ቶሪየም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሴሪየምና ዘመዶቹ ናቸው። የመብራት ፋብሪካዎቹ ቶሪየሙን ከወሰዱ በኋላ ሴሪየሙ ያለ ጥቅም ይከማች ነበር። አውወር ለዚህ ክምችት ሥራ ሲፈልግ ከሴሪየምና ከብረት የተቀላቀለ ብረታ ብረት ሲፋቅ ኃይለኛ ብልጭታ እንደሚሰጥ ደረሰበት። ፌሮሴሪየም የተባለውን ይህን ቅልቅል፣ ሴሪየሙ 70 በመቶ፣ ብረቱ 30 በመቶ ገደማ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 አስመዘገበ። በኬርንተን ክፍለ ሀገር በትራይባህ የተቋቋመው ኩባንያውም እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ማምረት ያዘ።

ንጹሕ ሴሪየም በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረታ ብረት ነው። ብረት ሲቀላቀልበት ጠንካራና ተፈርፋሪ ይሆናል፤ ስለታም ነገር ሲፍቀው ጥቃቅን ቅንጣት ይለቃል። ሴሪየም በአየር ውስጥ ለመንደድ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ የፍትጊያው ሙቀት ብቻ ይበቃዋል፣ ከነደደ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ወደ 3,000 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህም የድሮው ሥርዓት ተገለበጠ። ለሁለት ሺህ ዓመት በባልጩት ሲፋቅ የኖረው ብረት አሁን ፋቂ ሆነ፤ የሚፋቀውና የሚነድደው ዘንጉ ነው። የብልጭታው ሥራም ተለወጠ፤ የብረት ብልጭታ በከሰለ ጨርቅ ላይ ፍም ብቻ ያስነሳ የነበረ ሲሆን፣ የሴሪየም ብልጭታ በደረቅ ቅርፊት ፍቅፋቂ ላይ ነበልባል ያስነሳል።

ከላይተር ወደ ጫካ

ፌሮሴሪየም መጀመሪያ የገባው ላይተር ውስጥ ነው። ከመንኮራኩሯ ሥር የምትቀመጠው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቁራጭ በብዙ ቋንቋዎች «የላይተር ድንጋይ» ትባላለች፤ ብረታ ብረት ብትሆንም የባልጩቱን ስም ወርሳለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ወታደሮች ከጥይት ቀለህ ላይተር ይሠሩ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፔንሲልቬኒያ ዚፖ የተባለው ላይተር ተመረተ፤ ከዚያም በኋላ በየሱቁ የሚሸጠው የፕላስቲክ ላይተር መጣ። በበያጆች እጅ ያለው የጋዝ መለኮሻም የሚሠራው በዚሁ ቅልቅል ነው።

ላይተር ብርድ አይችልም። በፕላስቲኩ ላይተር ውስጥ ያለው ቡቴን የሚተንነው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት በመሆኑ፣ ብርዱ ሲበረታ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፤ ብልጭታው ይወጣል፣ የሚነድድ ጋዝ ግን የለም። የቤንዚን ላይተርም ነዳጁ በኪስ ውስጥ ቀስ እያለ ተኖ ያልቃል። ብልጭታውን ከነዳጁ ለይቶ፣ ቁራጩን አስረዝሞ በእጅ እንዲያዝ ማድረግ መፍትሔ ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የፌሮሴሪየም ዘንግ በወታደሮችና በአውሮፕላን አብራሪዎች የመትረፊያ ከረጢት ውስጥ ገባ። በአሜሪካ ጦር ዘንጉ ከማግኒዚየም ጡብ ጎን ተለጥፎ የሚሰጥበት ዓይነትም ነበር፤ ከጡቡ የተፋቀው ብናኝ መለኮሻ ሆኖ ያገለግላል። ስዊድኖች ለአዲሱ ዘንግ የድሮውን ስም በጥቂቱ ለውጠው ቴንድስቶል፣ ማለትም መለኮሻ ብረት አሉት።

ከወታደር ወደ ተራው የጫካ ተጓዥ እንዲሸጋገር መምህራን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በካናዳ አልበርታ ያስተምር የነበረው ሞርስ ኮቻንስኪ በ1980ዎቹ ማብቂያ ያሳተመው የሰሜን ጫካ አኗኗር መጽሐፍ ቢላዋ፣ መጥረቢያና እሳትን እንደ አንድ ትምህርት አስቀምጧል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየው እንግሊዛዊው ሬይ ሚርስም ዘንጉን ለሰፊው ተመልካች አስተዋወቀ።

በበረዶ ጫካ ውስጥ ያለው አሠራር

ዛሬ በሰሜኑ ጫካ የሚታየው አሠራር ከእነዚህ ዘመናት ሁሉ የተጠራቀመ ነው። ሥራው የሚጀምረው ቦታ በመምረጥ ነው። በረዶ ከተሸከመ ቅርንጫፍ ሥር እሳት አይነድድም። በረዶው ቀጭን ከሆነ እስከ መሬት ይጠረጋል፤ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ይረገጥና እርጥብ ግንዲላዎች ጎን ለጎን ተደርድረው መደብ ይሠራል። ያለዚያ እሳቱ በረዶውን እያቀለጠ ሰምጦ በራሱ ውኃ ይጠፋል።

ቀጥሎ ማገዶ ነው። በበረዶ ላይ የወደቀ እንጨት እርጥበት ስለሚጠጣ፣ የሚፈለገው ቆሞ የደረቀ ዛፍ ነው። ውጪው ቢረጥብ እንኳ ሲፈለጥ ውስጡ ደረቅ ነው። በስፕሩስ ግንድ ዝቅተኛ ክፍል ላይ ያሉት የሞቱ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ጭራሮ ይሆናሉ፤ ሲሰበሩ ቀጭ ካላሉ አይወሰዱም። ከፍልጡ መካከል ደረቁ ተመርጦ በቢላዋ እየተላገ፣ ፍቅፋቂው ከእንጨቱ ሳይለይ እንደ ላባ ይጠቀለላል። ሙጫ የሞላበት የፓይን ጉቶ ከተገኘ ደግሞ ውርጭም ዝናብም የማያሸንፈው መለኮሻ ነው።

ለብልጭታው የሚመረጠው ግን እንደ ስታር ካር ዘመን የበርች ቅርፊት ነው። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ቅባት መሰል ነገር እርጥብ ሆኖ እንኳ እንዲነድድ ያደርገዋል። ቅርፊቱ ከወደቀ ወይም ከሞተ ዛፍ ይወሰዳል፤ በስዊድን ማንም ሰው በሌላው ጫካ የመዘዋወር መብት ቢኖረውም በሕይወት ካለ ዛፍ ቅርፊት መላጥ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይፈቀድም። የቅርፊቱ ገጽ በቢላዋ ጀርባ ሲፋቅ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይወጣል፤ ብናኙም በዚያው ቅርፊት ላይ ይከመራል።

አዲስ ዘንግ ከዝገት የሚጠብቀው ጥቁር ቅብ ስላለው መጀመሪያ ቅቡ ይፋቃል። ከዚያ የዘንጉ ጫፍ በብናኙ መካከል ይተከላል፤ የቢላዋው ጀርባ፣ ጠርዙ ያልተድበለበለ ሆኖ፣ በዘንጉ ላይ ተጭኖ ይያዛል። ፋቂው ባለበት ሲቆም ዘንጉ ወደኋላ ይሳባል፤ ፋቂው ወደፊት ከተገፋ እጅ ወርዶ ክምሩን ይበትናል። ቀስ ብሎ በኃይል መሳብ ቶሎ ቶሎ ከመጫር ይሻላል፤ ፋቂው በጥልቀት ሲፍቅ ቅንጣቱ ይበዛል፣ ብልጭታውም ረዘም ላለ ጊዜ ይነድዳል። ዘንጉ በረዶ ውስጥ ቢወድቅም ተጠርጎ ወዲያው ይሠራል፤ መያዣው ሰፊ በመሆኑም በጓንት ይያዛል።

ብናኙ ነበልባል ሲይዝ ቅርፊቱ ራሱ ይቀጥላል። በላዩ ላይ ላባ እንጨቱ፣ ከዚያ የክብሪት እንጨት የሚያህል ጭራሮ፣ ከዚያ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ፍልጥ በተራ ይጨመራል። ሌሊቱን በእሳት ዳር ማደር ካስፈለገ የፊንላንድ እንጨት ቆራጮችና ወታደሮች የሚጠቀሙበት ራኮቫልኬአ ይሠራል። ሁለት ረጃጅም ደረቅ ግንዶች አንዱ በሌላው ላይ ይጋደማሉ፤ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት የተቀጣጠለው እሳት በግንዶቹ ርዝመት ሙሉ እየተሳበ ለሰዓታት ይሞቃል፣ ሰውም ከጎኑ በርዝመቱ ይተኛል።

ጠዋት የቀረው ፍም ይበተናል፣ በረዶ ይደረግበታል፣ አመዱ እስኪቀዘቅዝ በእጅ ይዳሰሳል። ሴሪየም በእርጥበትና በጨው ስለሚበላ ዘንጉ ደርቆ ይቀመጣል። ከበርች ቅርፊቱ የተረፈው ደግሞ በልብስ ሥር፣ የሰውነት ሙቀት በሚያደርቀው ኪስ ውስጥ፣ ለሚቀጥለው ማታ ይያዛል።